የበግ ጉልበት ካርቲሌጅ ግትርነት ልኬት ከቦታ ቦታ ለምን ይለያያል?

የጠባሴው (ደብረ ብርሃን)፦
ለመመረቂያ ጽሑፌ የመንዝ በግ ጉልበት ከሥጋ ቤት እየወሰድኩ፣ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነውን ካርቲሌጅ ጫፉ ክብ በሆነ ቀጭን የብረት ዘንግ በመጫን ምን ያህል እንደሚሰረጉድ እለካለሁ። ዓላማዬ ትሪፕሲን በተባለ ኤንዛይም የተጎዳ ካርቲሌጅ ገና ስንጥቅ ሳይታይበት መላላቱ በልኬት ይታወቅ እንደሆነ ማየት ነው። ይሁን እንጂ ጤነኛው ናሙና እንኳ በአንድ ጉልበት ውስጥ ከቦታ ቦታ የተለያየ ግትርነት ያሳያል፤ ዘንጉን ሳላንቀሳቅስ ስቆይ ደግሞ የሚመዘገበው ኃይል እየቀነሰ ይሄዳል። ጉድለቱ ከመሣሪያው ይሆን?

መካኒክስ አስተማሪ፦
ወንድሜ፣ የገለጽከው ነገር የመሣሪያ ጉድለት አይመስለኝም። ከካርቲሌጅ ክብደት ከ65 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው፤ ፕሮቲዮግላይካን የተባሉት ሞለኪውሎች በአሉታዊ ቻርጃቸው ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ ኮላጅን ከተባለ ጠንካራ ፕሮቲን የተሠራው መረብ ደግሞ እብጠቱን ይገታል። በድንገት ስትጫነው ውሃው ለመውጣት ጊዜ ስለማያገኝ ጠንክሮ ይመክትሃል፤ ይዘህ ስትቆይ ግን ውሃው ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ ኃይሉም ይወርድና በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ይረጋል። ስለዚህ ያሉህ ሁለት ልኬቶች ናቸው። የመጀመሪያው ቅጽበት ግትርነት ይበልጥ ስለ ኮላጅኑ ይናገራል፤ ከተረጋጋ በኋላ የሚገኘው ደግሞ ስለ ፕሮቲዮግላይካኑ። ትሪፕሲን በዋናነት የሚያጠፋው ፕሮቲዮግላይካኑን ስለሆነ ለአንተ ሥራ የሚበጀው ሁለተኛው ነው።

የቦታውን ልዩነት በተመለከተ ውፍረቱን ለክተሃል? ካርቲሌጁ በሳሳበት ሥፍራ ከሥሩ ያለው አጥንት ስለሚሰማ ልኬቱ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል። ሄይስና ባልደረቦቹ በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጡት ስሌት ይህንን በዘንጉ ስፋትና በካርቲሌጁ ውፍረት ንጽጽር ያርማል። የግትርነቱን ልኬት ሁሉ ከጨረስክ በኋላ በዚያው ቦታ መርፌ አስገባ፤ ኃይሉ በድንገት የዘለለበት ጥልቀት አጥንቱ የጀመረበት ነው።

የአጥንት ሐኪም፦
መምህሩ ባሉት ላይ ከሕክምናው በኩል ልጨምር። ካርቲሌጅ ነርቭ ስለሌለው መላላት ሲጀምር አያምም፤ ራጅም ካርቲሌጁን ራሱን ስለማያሳይ የምናየው በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ ነው። ከአንኮበርና ከመንዝ ዳገት የሚመጡ ታካሚዎች እኛ ዘንድ የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው። በአርትሮስኮፒ (ጉልበትን በትንሹ በስተን ውስጡን በካሜራ በምናይበት ምርመራ) ጊዜ ካርቲሌጁን በብረት መንጠቆ ነካ አድርገን መላላቱን በእጃችን እንገምታለን፤ ይህ ግን ከሐኪም ሐኪም ይለያያል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ ለዚሁ የሚሆን በእጅ የሚያዝ መለኪያ ተሠርቷል። ጉልበት መብሳትን ስለሚጠይቅ ግን ጤነኛ ሰው ለቅድመ ምርመራ የሚጠቀምበት አይደለም፤ ለዚያ እኔ ይበልጥ ተስፋ የማደርገው በኤምአርአይ ነው።

የጠባሴው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ውፍረቱን አልለካሁም ነበር። ናሙናው በልኬቱ ጊዜ አየር ላይ መቆየቱስ ለውጥ ያመጣል?

መካኒክስ አስተማሪ፦
በእርግጥ ያመጣል፤ የደብረ ብርሃን ደረቅ ንፋስ ቶሎ ያደርቀዋልና 0.9 በመቶ የጨው ውሃ ውስጥ አጥልቀህ ለካ። ከኤንዛይሙ በፊትና በኋላም ያንኑ ነጥብ፣ በዚያው ፍጥነት ተጫን፤ የአንዱን በግ ጉልበት ከሌላው ጋር ከማነጻጸር ይህ ይሻላል።