የጁዲ ዴንች ሌዲ ማክቤዝ፦ ለመድረክም ለካሜራም እንዴት ይጠና?

ማራኪ ሰፈር (ጥያቄ)
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጎንደር አንዲት ተዋናይት ከሼክስፒር «ማክቤዝ» ተውኔት የማክቤዝ ሚስት ሌዲ ማክቤዝ በእንቅልፍ ልቧ የምትሄድበትን ትዕይንት በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም እያጠናች ነው። መጀመሪያ 60 ሰው በሚይዝ የግንብ ክፍል ይቀርባል፤ ከዚያ ያንኑ እንቀርጸዋለን። እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ጁዲ ዴንች ሚናውን በሁለቱም መንገድ ተጫውታዋለች። ካሜራ ፊት «በዛ» እንዳይባል ከእሷ ምን እንውሰድ? ሥራዎቿንስ ከየትኛው ጀምረን እንይ?

ቀሐ ዳር
ወንድሜ፣ ብዙ ሰው ዴንች መድረክ ላይ አርጅታ ወደ ፊልም የመጣች ይመስለዋል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 በለንደኑ ኦልድ ቪክ ቲያትር በ«ሃምሌት» ኦፊሊያን ሆና ጀመረች፤ በ1960 ጁልየትን ተጫወተች፤ በ1966 ቢቢሲ ላይ በ4 ክፍል ድራማ ታየች፤ በ1968 ደግሞ «ካባሬ» በተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ላይ እየዘፈነች ሳሊ ቦውልስን ሆነች። ሁለቱን ጎን ለጎን ነው የሠራችው። በ1995 የጄምስ ቦንድ አለቃ «ኤም» ሆና ስትመጣ 60 ዓመቷ ነበር፤ በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ በብሔራዊ ቲያትር በሙዚቃዊ ተውኔት ትጫወት ነበር። «ሼክስፒር ኢን ላቭ» በተባለው ፊልም ንግሥት ኤልሳቤጥን ሆና ኦስካር ስታገኝ፣ ፊልሙ ላይ የምትታየው 8 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ለእናንተ ግን መነሻው ማክቤዝ ይሁን። አዘጋጁ ትሬቨር ነን በ1976 እሷንና ማክቤዝን የተጫወተውን ኢያን ማክኬለንን ይዞ ያቀረበው ስትራትፎርድ ውስጥ በትንሽ የቆርቆሮ አዳራሽ ነበር፤ ተዋንያኑ ወለሉ ላይ በተሠመረ ክብ ውስጥ፣ ተመልካቹም እጅግ ቀርቦ። ለቴሌቪዥን ሲቀረጽ ትወናው ያልተጋነነው ለዚህ ነው፤ ገና ከመጀመሪያው ለቅርብ ዓይን ተሠርቷል። የእናንተም ክፍል እንደዚያው ነው፤ ለትልቅ አዳራሽ እንደሚጮኹ ሆናችሁ አትለማመዱ።

የአዘዞ መንገድ
ትዕይንቱ የ5ኛው ገቢር መክፈቻ ነው። ሼክስፒር ደብዳቤ ከምታነብበት በቀር ሴትዮዋን በግጥም ሲያናግራት ቆይቶ እዚህ ግጥሙን ይነሣታል፤ ንግግሯ የተቆራረጠ ዝርው ነው። ቁራጮቹን በአንድ የስሜት ክር ለመስፋት መሞከር ዋናው ስሕተት ነው። በየቁራጩ ጎን ከየትኛው ሌሊት የመጣ ትዝታ እንደሆነ ጻፉ። አንድ፣ ሁለት ብላ መቁጠሯ ባሏ ንጉሥ ዱንካንን ከገደለበት ሌሊት ነው፤ ስለ ፋይፉ ጌታ ሚስት የምትለው ባሏ ካስፈጀው የማክደፍ ቤተሰብ እልቂት፤ ባንኮ ተቀብሯል የምትለው ባሏ ያስገደለው የባንኮ መንፈስ ከመጣበት ግብር፤ የበሩ መንኳኳት ወደ መጀመሪያው ሌሊት ይመልሳታል። ትዝታው ሲቀየር ትንፋሿ ይቀየር፤ ፊቷን ተዉት።

ዓይኗ ክፍት ነው፣ ግን አያይም፤ ይህን ሐኪሙና ደንገጡሯ ራሳቸው ይናገሩታል። ሰው ላይ ካረፈ ትዕይንቱ ያልቃል። ከሰዎቹ አልፎ ግድግዳው ላይ አንድ ነጥብ ምረጡላት። እጇን ከመፈተጓ በፊት ሻማውን የምታስቀምጥበት ቦታም ይወሰን፤ አለበለዚያ በአንድ እጅ ትቀራለች።

ሲቃው ከባዱ ነው። በጽሑፉ ሦስት ጊዜ «ኦ» የሚለውን ዴንች አንድ ረጅም ሲቃ አድርጋዋለች። ከጉሮሮ ከተጀመረ ድምፅ ይዘጋል። ከሆድ፣ ቀጭንና ዝቅ ብሎ ይነሣ፤ ትንፋሹ ባለቀበት ይቁም። በአንድ ልምምድ ከሁለት ጊዜ በላይ በሙሉ ኃይል አታስወጧት፤ ሌላውን ጊዜ በሹክሹክታ ትለፈው።

ፋሲል ግንብ ሥር
ስለ ቀረጻው፦ እህታችን ሳትደክም ቅርቡን ምስል መጀመሪያ ቅረጹ፣ ሰፊውን በኋላ። ሻማ ስለሚያጥር እኩል የተቆረጡ 6 ያህል አዘጋጁና በየቀረጻው ለውጡ፤ አለበለዚያ ምስሎቹ ሲገጣጠሙ ሻማው ያጥራል፣ ይረዝማል። የድምፅ መቅጃውን ለሹክሹክታው ካስተካከላችሁት ሲቃው ይፈነዳል፤ ሲቃውን ለብቻው፣ መጠኑን ዝቅ አድርጋችሁ ቅዱት። የግንብ ክፍል ያስተጋባል፤ ከካሜራው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ።

ቃሉን ለማጥናት ደግሞ የአሁኗን ዴንች ተከተሉ። ዓይኗ ስለደከመ ጽሑፉን ሰው ያነብላትና በጆሮዋ ትይዘዋለች። ሌላ ሰው፣ ያለ ስሜት፣ የሐኪሙንና የደንገጡሯንም ንግግር ጨምሮ ስልክ ላይ ያንብብላት። በስሜት ከተነበበ የአንባቢውን ዜማ ትይዝና ለማላቀቅ ሳምንት ይፈጃል።