ጥቆማ፦ በአማርኛ፣ በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና የት ይገኛል? ክፍያውስ እንዴት ነው?

የደሴዋ፦
ወገኖች፣ እንደምን ከረማችሁ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ እንቅልፌ ተዛብቷል፤ በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ። እዚህ ሆስፒታላችን የአእምሮ ሕክምና አለ፤ ነገር ግን ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ያውቁኛል፣ የነገርኋቸው ነገር ቡና ላይ እንዳይነሣ እፈራለሁ። ሁለት ምርጫ አለኝ፦ አሜሪካ ያለችው እኅቴ የምትከፍልልኝ ቤተርሄልፕ የሚባል በኢንተርኔት የሚያክም የአሜሪካ ድርጅት፣ ወይም በቴሌብር የምከፍለው የአዲስ አበባ ባለሙያ። የሞከራችሁ ንገሩኝ።

የሜሪላንዱ፦
ቤተርሄልፕ እ.ኤ.አ. በ2024 በሳምንት ከ65 እስከ 100 ዶላር ያስከፍል ነበር። ዝቅተኛው እንኳ በአራት ሳምንት 260 ዶላር ነበር፤ በሐምሌ 2016 የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ከ26,000 ብር በላይ ሆኗል። ባለሙያዎቹ መድኃኒት አያዝዙም፣ ሥራውም በዋናነት በእንግሊዝኛ ነው። ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የደንበኞችን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ ሲል ለፌስቡክና ለስናፕቻት አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ ከስሶት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ድርጅቱ 7.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የምትፈሪው ወሬ ከሆነ ይህንንም እወቂው።

የጉለሌው፦
ፒያሳ አንዲት ክሊኒክ አለች፤ እኔን ከሞት አፋፍ የመለሱኝ እነርሱ ናቸው። በስልክ አያክሙም፣ ወረፋውም ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ቢሆንም ከእነርሱ የሚበልጥ የለም።

የአዳማው፦
ወንድሜ፣ የጠየቀችው ስለ ስልክ ነው። በየሳምንቱ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ትሰለፍ ነው የምትለው? ለእንቅልፍ እጦት ግሩም መድኃኒት አግኝተሃል።

የጉለሌው፦
ያልታከመበት ሰው አይፍረድ።

የሰሚቷ፦
እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። በቴሌግራም ራሱን አማካሪ ብሎ ለሚያስተዋውቅ ሰው የወር ክፍያ በቅድሚያ ላክሁ። መጀመሪያ ቀን ስለ ባሌ እያለቀስሁ ስነግረው ከጀርባው የኳስ ጨዋታ ይሰማ ነበር፤ “ታገሺ፣ ሴት ልጅ ሁሉን ትችላለች” አለኝ። በሚቀጥለው ስለ ራሱ ፍቺ ሲያወራኝ ሰዓቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሣም። ገንዘቡስ ይሁን፣ ያን ሁሉ ምስጢሬን ይዞ መቅረቱ ነው የሚያንገበግበኝ።

የአዳማው፦
ስሙን ጻፊልን፣ ሌላ ሰው እንዳይታለል።

የሰሚቷ፦
ቤቴን ያውቃል፣ የልጄን ትምህርት ቤት ያውቃል። አልጽፍም።

የጎንደሩ፦
ወደ ቴሌብር፣ 127 ደውለሽ አመለከትሽ? እኔ ለማላውቀው ሰው በስሕተት የላክሁት ገንዘብ ተመልሶልኛል።

የሰሚቷ፦
ያንተ ስሕተት ነበር። እኔ ወድጄ ነው የከፈልሁት።

ወለተ ማርያም፦
ልጆቼ፣ እንጦጦ ማርያም ሄዳችሁ ጠበሉን ተጠመቁ። እኔ የሐኪሙን መድኃኒት ጥዬ ነው የዳንሁት።

ነርሷ ከሐዋሳ፦
እናቴ፣ ጠበሉን አልቃወምም፤ እኔም እጠመቃለሁ። መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ግን ሕመሙን ሊያባብሰው ስለሚችል፣ እባክዎ ለሌላ ሰው እንዲህ ብለው አይምከሩ። ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ ይቻላል።

የደሴዋ፣ ከመክፈልሽ በፊት የሙያ ፈቃዱን ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልሽ ጠይቂ፤ እውነተኛ ባለሙያ በዚህ አይቆጣም። መድኃኒት የሚያዝዘው ሳይካትሪስቱ፣ ማለትም የአእምሮ ሐኪሙ ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያው በንግግር ነው የሚያክመው። አንዱ ቀጠሮ ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ጊዜው ይካካስ እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ይንገርሽ። በየቀጠሮው ክፈዪ እንጂ የወሩን አንድ ላይ አትላኪ። ስልክሽን ሌላ ሰው የሚያይ ከሆነ ደግሞ ከ127 የሚመጣው መልእክት የተቀባዩን ስም እንደሚያሳይ አትርሺ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ማንም ቢያውቅሽ፣ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታላችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

የደሴዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ127ቱን ጨርሶ አላሰብሁትም ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ እናቴ ከግድግዳው ወዲያ ናት፣ ሁሉም ነገር ይሰማል። እናንተ የት ሆናችሁ ነው የምታወሩት?

የዱባይዋ፦
አሠሪዎቼ ሲወጡ ጠብቄ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቼ ማሽኑን አስነሣለሁ፤ ድምፁ ይሸፍነኛል። እዚህ የዋትስአፕ ጥሪ ስለማይሠራ ባለሙያዋ በዙም ነው የምታገኘኝ። ካሜራውን እንዘጋዋለን፤ ድምፅ ብቻ ሲሆን ብዙም አይቆራረጥም። ክፍያውን ወንድሜ ከአዲስ አበባ በቴሌብር ይልክልኛል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም።

የአዳማው፦
የባለሙያዋን አድራሻ በውስጥ ላኪልኝ።

የጎንደሩ፦
ለእኔም።

የሰሚቷ፦
የጉለሌው፣ ያቺ ክሊኒክ ቅዳሜ ትሠራለች?

የጉለሌው፦
እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ናት። ማልደሽ ድረሺ። ብቻሽን መግባት ከከበደሽ ባለቤቴን ይዤ እመጣለሁ፤ እርሷም እዚያው ነው የታከመችው።