ድሬ ላይ ቤት ለቤት እየሄደ የአእምሮ ህሙማንን የሚረዳ ድርጅት ብር አልቆበታል፣ በምን እንደግፋቸው?

የገንደቆሬዋ፦
ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሙቀቱን እንዴት ይዛችሁታል አቦ። አንድ ነገር ላማክራችሁ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከአራት አመት በፊት ታመመብን፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ አመት እያለ። መጀመሪያ ጫት ነው አልን፣ ቀጥሎ አስደርገውበት ነው ተባለ፣ ቁልቢ ወሰድነው፣ ጎረቤታችን ያሉ ሼክም ቀርተውለታል (እማዬ ኦርቶዶክስ ናት ግን ልጅ ሲታመም ማን ይመርጣል)፣ በመጨረሻ ሆስፒታል ሄደን መድኃኒት ጀመረ፣ ሲሻለው ያቆማል ሲያቆም ይብስበታል፣ በር ቆልፈን ያደርንባቸው ለሊቶች አሉ እሱን አላወራም።

ከዛ አንድ ትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት አገኘን፣ ስሙን ሳላስፈቅድ አልጽፍም። የእነሱ ሲስተር በየወሩ ቤት ድረስ መጥታ መርፌውን ትወጋዋለች። ደግሞ ስትመጣ ከመድኃኒት አትጀምርም፣ ጫማዋን አውልቃ ትገባና "እርግቦችህ ስንት ደረሱ" ነው የምትለው፣ እሱም ጣራ ላይ የሰራላቸውን ቤት ያሳያታል፣ ለኛ ሁለት ቃል የማይመልስ ልጅ ለሷ ስለ እርግብ ግማሽ ሰዓት ያወራል። ይኸው ሳያገረሽበት ሁለት አመት ሆነው።

አሁን ብር የሚሰጣቸው የውጭ ድርጅት ፕሮጀክቱ አልቋል ብሎ ወጣ። ከመጪው ወር ጀምሮ ቤት ለቤት መምጣቱ ይቆማል ተብለናል። እኔና ጓደኞቼ ልብስ ልንሰበስብና ለበዓል በግ አርደን ምሳ ልናበላ አስበናል፣ ሌላስ ምን እናድርግ? መቄዶንያን አገር ያውቀዋል፣ እነዚህን ግን ከሰፈራችን ውጪ የሚያውቃቸው የለም።

የከዚራ_ጥላ፦
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ግን እኔ ኤንጂኦ ሲባል ላንድክሩዘሩና የሆቴል ስብሰባው ነው የሚታየኝ፣ ፈረንጁ ሲሰጥ የት ነበሩ አሁን ሲወጣ ወደኛ? ሌላው ደግሞ በግልጽ እናውራ፣ ድሬ ላይ ግማሹ በሽታ ጫት ነው፣ ጠዋት ጀምሮ ቅሞ ማታ ጨብሲ ጠጥቶ ሶስት ቀን ያልተኛ ሰው ቢያብድ ምን ይገርማል። ልጆቹ ጫቱን ያቁሙ ድርጅቱም አያስፈልግም።

ሳይካትሪ_ነርስ፦
ስራዬ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም ነው።

መጀመሪያ ምሳውንና ልብሱን ተዉት። በሀሳባችሁ መቀለዴ አይደለም፣ ግን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ በግ ይታረዳል፣ ህሙማኑ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረው ፎቶ ይነሳሉ፣ ፎቶው ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ነው፣ ከዛ አንዱ ልጅ ሊቀጠር ሄዶ "አንተ እዛ ፎቶ ላይ አልነበርክም እንዴ" ይባላል። እኔ የማውቀው ልጅ ነው የደረሰበት፣ ክትትሉንም በዛው ተወው።

የሚያስፈልጋቸው የሲስተሯ ደሞዝና የባጃጅ ብር ነው፣ በቃ። ለፎቶ አይመችም እንጂ ስራው ያ ነው። ወንድምሽ የሚወጋው ሞዲኬት የሚባለው ቀስ እያለ የሚሰራ የአእምሮ ህመም መድኃኒት ይመስለኛል፣ እሱ መርፌ ከሶስት አራት ሳምንት አይዘልም፣ ሲስተሯ አንድ ወር ካልመጣች ልጁ ለጊዜው ደህና ነው የሚመስለው፣ ቤተሰቡም "ድኗል" ይላል፣ የሚያገረሽበት ትንሽ ቆይቶ ስለሆነ ማንም ከቀረው መርፌ ጋር አያገናኘውም። ለዛ ነው አንዴ ብዙ ብር ከመስጠት በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚሻለው፣ አምስት መቶ ብር ለአስራ ሁለት ወር ከአንድ ቀን ስድስት ሺ ብር ይበልጣል፣ ቢያንስ ሰው ቀጥረው የሚቀጥለውን ወር ያውቁታል።

ቤት መሄዱ ደግሞ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ላርጋክቲል የሚባለውን የአእምሮ ህመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቆዳውን ፀሐይ ቶሎ ያቃጥለዋል፣ ሰውነቱም ሙቀት መቋቋም ያቅተዋል፣ ይሄን የድሬ ፀሐይ አስቡት፣ ኮፍያ አድርግ ውሃ ጠጣ ጥላ ጥላውን ሂድ ብሎ የሚያስታውሰው ሰው ያስፈልጋል። አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ ያስርባል፣ ቤት ውስጥ የሚበላ ከሌለ ሰውዬው ረሀቡን ፈርቶ መድኃኒቱን ይደብቃል። ካርድ ክፍል ተሰልፎ ለሚመጣ ሰው ይሄን ማን ይነግረዋል? ቤት የሄደ ሰው ግን ድስቱን ያያል።

የከዚራ ጥላ፣ ስለ ጫት ያልከው ግማሹ እውነት ነው። ጫት በሽታውን ያባብሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ መድኃኒቱንም ይጋፋዋል። ግን ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ህመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአስራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ ባለው እድሜ ነው፣ ልጆቻችን ደግሞ ጫት የሚጀምሩት በዛው እድሜ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ቤት "ከጫት በኋላ ነው" ይላል። ቅማ የማታውቅ ልጅም ትታመማለች። ሂሳቡን መጠርጠርህ ግን መብትህ ነው፣ በ2011 የወጣው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113 አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 ፐርሰንት እንዳያልፍ ይላል፣ ሄደህ ሪፖርታቸውን አሳዩኝ በላቸው። ብቻ የነርስ ደሞዝን እንደ ብክነት አትቁጠረው፣ በድሮው በ2001ዱ አዋጅ 70/30 (ቢያንስ 70 ፐርሰንት ለስራው፣ ቢበዛ 30 ለአስተዳደር) ሲባል ትራንስፖርቱ ሁሉ አስተዳደር እየተባለ እንደዚህ አይነት ድርጅቶች መከራ አይተዋል።

ሐረሬዋ፦
እኔ ከጀጎል ነኝ። ሳይካትሪ ነርስ ባለው እስማማለሁ ግን አንድ ልጨምር፣ በግለሰብ አትለምኚ፣ በእድር ሂጂ። እኛ በአፎቻችን ሞክረነዋል፣ አፎቻ ለማያውቅ እንደ እድር በሉት፣ ለሀዘንም ለሰርግም የምንሰባሰብበት ነው። ሀሳቡን ያነሳን ቀን አንድ ትልቅ እናት "የእብድ አፎቻ ልታደርጉን ነው" ብለው ተነሱ፣ ሁለት ስብሰባ በጭቅጭቅ አለቀ፣ በመጨረሻ የተስማማነው ለአባል ቤተሰብ ብቻ የሆስፒታል መመላለሻ እንክፈል ነው፣ ያውም መዝገቡ ላይ "ለህክምና ትራንስፖርት" ተብሎ ነው የተጻፈው፣ የምን ህክምና እንደሆነ ማንም እንዳይጽፍ። ትንሽ ነው አውቃለሁ። ግን ከዛ በኋላ እነዛው የተነሱት እናት ገንዘብ ያዧን ለብቻዋ ጠርተው "የእህቴ ልጅም አለች" አሏት።

ቶሮንቶ_ነኝ፦
እኔ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን አንድ ላይ ጠቀም ያለ ዶላር መላክ እንችላለን፣ ቢሮ ይከራዩበት ወይ ኮምፒውተር ይግዙበት

ሳይካትሪ_ነርስ፦
ቶሮንቶ፣ ተባረክ ግን ቢሮ አይከራዩበት፣ አንዲት ነርስ ለአመት ይቅጠሩበት፣ እሱንም በየሶስት ወሩ ከፋፍለህ ላክ። ኮምፒውተር መርፌ አይወጋም 😄

የገንደቆሬዋ፦
ሁላችሁም አመሰግናለሁ፣ ምሳው ቀርቷል። ትናንት ቢሮአቸው ሄጄ ነበር፣ የከዚራ ጥላ ስለ ላንድክሩዘር ላልከው፣ ሁለት ክፍል ናት፣ አንዷ ውስጥ ቬንትሌተሩ አይሰራም፣ ወረቀቱን ሳልጠይቅ ራሳቸው አወጡልኝ። መርፌ በየወሩ የሚወጉት 23 ሰው ነው፣ መጀመሪያ የሚቋረጠው ገንደ ቆሬና ሳቢያን ያለው ነው ምክንያቱም ይርቃል። እስካሁን 11 ሰው በየወሩ በቴሌብር ለመስጠት ቃል ገብቶልኛል፣ የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር ደግሞ እናስብበት ብለዋል፣ እሳቸው እናስብበት ካሉ አመት ነው። ማታ ለወንድሜ ስነግረው ምንም አላለም፣ ጠዋት ግን ሁለት እርግብ በካርቶን አድርጎ "ለሲስተር ስጫት፣ ትሽጣቸው" አለኝ፣ እኔ እንጃ ምን እንደማደርጋቸው ካርቶኑ እስካሁን ሳሎን ነው።

አሁን የቸገረኝ ማመላለሻው ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ሲስተሯን ከለገሃሬ ሳቢያን አድርሶ የሚመልስ ባጃጅ ያለው ሰው ይኖራል? ነዳጁን እኛ እንችላለን።

የከዚራ_ጥላ፦
እኔ ባጃጅ አለኝ። ነዳጅ አልፈልግም። ብቻ ከሰባት ሰዓት በፊት ጨርሳ ትመለስ፣ ከዛ በኋላ በርጫ ላይ ነኝ ስልክም አላነሳ