የጋራ ግዢ ዕቅድ፦ ለቤትና ለሥራ የምትሆን ትንሽ ኮምፒውተር (ሁለተኛ ረቂቅ)

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የመጀመሪያው ረቂቅ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ «ለእያንዳንዱ አባል 8 ጊጋባይት ራም ያለው ራስፕቤሪ ፓይ 5 ይገዛ» የሚል (ራስፕቤሪ ፓይ፣ ባጭሩ «ፓይ»፣ በአንድ ቦርድ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ራም ደግሞ ሲሠራ የሚጠቀምበት ማስታወሻ)። ሦስት ሰው ተቃወመኝ፤ የደገፈኝ አንድ ሰውም ኋላ ሐሳቡን ቀየረ። ስለዚህ ቦርዱን ትተን ከሥራው እንጀምር። ዕቃው ምን እንዲሠራላችሁ እንደምትፈልጉ ጻፉ። እባካችሁ የቦርድ ስም አትጥሩ።

ባለ ማቀዝቀዣዋ፦
የአራት ማቀዝቀዣ ሙቀት በየአምስት ደቂቃው ይመዝገብልኝ። ከልክ ሲያልፍ ስልኬ ላይ መልእክት ይድረሰኝ።

ባለ ማተሚያ ቤቱ፦
የደንበኞችን ፋይል ለሦስት ኮምፒውተሮች የሚያጋራ፣ ማታ ማታ ቅጂ የሚያስቀምጥ።

ጡረተኛው፦
የውሃ ታንከሬ ሲሞላ ፓምፑ ራሱ ይጥፋ። ሌላ ምንም አልፈልግም። በ8 ጊጋባይት ውሃ አይቀዳም።

የጥገና ባለሙያዋ፦
ጋሼ ያሉት ቀልድ ቢመስልም ዋናው ነገር እሱ ነው። የተጠየቁት ሦስት ሥራዎች በሁለት ይከፈላሉ። ሙቀት መለካትና ፓምፕ ማብራት ማጥፋት የማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም የተጫነለትን አንድ ፕሮግራም ብቻ የሚያሠራ ትንሽ ቺፕ፣ ሥራ ነው። ፋይል ማጋራት ግን ሊኑክስ ወይም ሌላ ሙሉ ሲስተም የሚጭን ኮምፒውተር ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ዕቃ ላድርግ ያለ ሰው ለአንዱ ሥራ ከልክ በላይ ይከፍላል፣ ሌላውን ያጎድልበታል።

ለመጀመሪያው ኢኤስፒ32 የሚባለው ማይክሮኮንትሮለር ይበቃል። ከ2016 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ነው፤ ዋይፋይና ብሉቱዝ አብረውት አሉ። ራሙ 520 ኪሎባይት ብቻ ነው ስላችሁ አትሳቁ፤ አርዱይኖ ኡኖ የሚባለው ሌላው የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ እኮ በ2 ኪሎባይት ራም ስንቱን ማሽን ሲያሠራ ኖሯል። የሙቀት ቁጥር ስንት ቦታ ይይዛል? ከሁሉ የሚበልጠው ግን መብራት ሲጠፋ ያለው ጠባዩ ነው። ኢኤስፒ32 «ሹት ዳውን» (በሥርዓት መዝጋት) አይፈልግም፤ ኃይል ሲመለስ ወዲያው ሥራውን ይቀጥላል። ፓይ ግን ሲስተሙ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። ካርዱ ላይ እየጻፈ ሳለ ኃይል ከተቋረጠ ፋይሎቹ ሊበላሹ ይችላሉ፤ አንዳንዴም ጭራሽ አልነሣ ይላል።

ወጣቱ አባል፦
ፓይ ሁሉንም መሥራት ይችላል እኮ። አንድ ዓይነት ዕቃ ከያዝን ሥልጠናውም መለዋወጫውም አንድ ይሆናል። ለየሰው የተለያየ ዕቃ ገዝተን ማን ሊያስተካክለው ነው?

የጥገና ባለሙያዋ፦
የመለዋወጫው ነገር እውነት ነው፣ እቀበልሃለሁ። ለዚህም ነው ከሁለት ዓይነት አንለፍ የምለው። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ፓይ አናሎግ መግቢያ የለውም፤ የቮልት ልዩነት የሚሰጥ ሴንሰር በቀጥታ አያነብም። የሽቦ ማገናኛ እግሮቹም 3.3 ቮልት ብቻ ስለሚችሉ 5 ቮልት ያገናኘ ሊያቃጥለው ይችላል። ኢኤስፒ32ም በ3.3 ቮልት ነው የሚሠራ፤ እሱ ግን ቢቃጠል ያን ያህል አያስለቅስም።

ሰዓትም አለ። ፓይ 4 ጠፍቶ ሲነሣ ጊዜ የሚያስታውስ ሰዓት የለውም። አንዴ የሠራሁለት ሰው ቤት መብራት ሲመለስ ኢንተርኔቱ አብሮ አልመጣም ነበርና ፓይው ከጠፋበት ሰዓት ቀጥሎ መቁጠር ጀመረ፤ የዚያ ቀን መዝገብ ሁሉ የተሳሳተ ሰዓት ይዞ ቀረ። ፓይ 5 ሰዓት አለው፤ ባትሪው ግን ለብቻው ይገዛል።

ሒሳብ ያዥ፦
«ለብቻው ይገዛል» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ልስማው? የቦርዱን ዋጋ ብቻ አታምጡልኝ። ፓይ 5 ባለ 5 አምፔር ፓወር ሰፕላይ፣ ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዝ ማራገቢያ፣ ኬዝ፣ ካርድ ይፈልጋል፤ እላዩ ላይ የሚገጠም ኤስኤስዲ (በካርድ ፈንታ የሚሆን ዲስክ) ካሰብን ደግሞ ተጨማሪ ቦርድ። የኢንቴል ኤን100 ፕሮሰሰር ያላቸው ትንንሽ ኮምፒውተሮች ኬዙም፣ ሰዓቱም፣ ፓወር ሰፕላዩም አብሯቸው ይመጣል። ለፋይል ሥራ ሁለቱን በጠቅላላ ወጪ ላወዳድር።

መብራትም ይቆጠር። ዓመቱን ሙሉ 3 ዋት የሚበላ ዕቃ 26 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ 10 ዋት የሚበላው ደግሞ 88 ገደማ።

ባለ ማተሚያ ቤቱ፦
እኔ ኤን100ውን እመርጣለሁ። የደንበኛ ፋይል በሚሞሪ ካርድ ማስቀመጥ ያስፈራኛል። ቅጂው ግን እዚያው ማሽን ውስጥ መሆን የለበትም፤ ሌላ ዲስክ ላይ ይሁን።

ባለ ማቀዝቀዣዋ፦
ለአራቱ ማቀዝቀዣ አራት ቦርድ ነው የምገዛው?

የጥገና ባለሙያዋ፦
አይደለም። ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው መለኪያ ብዙውን በአንድ የዳታ ሽቦ ማገናኘት ይቻላል። ማቀዝቀዣዎቹ ከተቀራረቡ አንድ ኢኤስፒ32 ለአራቱም ይበቃል። አስመስሎ የተሠራ ስለሚበዛ ግን ተገዝቶ ሲመጣ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ነክረን ዜሮ አካባቢ ማንበቡን እናያለን።

ጋሼ፣ ለእርስዎ ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፤ ለፓምፑ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ውሃው ሲሞላ የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃዎታል። ቦርድ ብንጨምርም ተንሳፋፊው አይወገድም፤ ፕሮግራም ይሳሳታል፣ ዋይፋይ ይቋረጣል። በርካሽ ሪሌይ (ቦርዱ የሚያዝዘው ማብሪያ ማጥፊያ) ላይ «10 አምፔር» ተብሎ ቢጻፍም ፓምፕ ሲነሣ የሚስበው የኤሌክትሪክ ጅረት ከዚያ ሊያልፍ ስለሚችል በመሐል ኮንታክተር (ለከባድ ጭነት የተሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይገባል። ይህን የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ እኛ አይደለንም።

ጡረተኛው፦
እኔም ጠርጥሬ ነበር፣ ልጄ። ግን ውሃው ምን ያህል እንደቀረ ስልኬ ላይ ማየት እወዳለሁ። ይሄ ይቻላል?

የጥገና ባለሙያዋ፦
ይቻላል፣ ማሳየቱ ብቻ ከሆነ አደጋ የለውም።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ማኅበሩ ለመለካትና ለማሳወቅ ኢኤስፒ32፣ ለፋይል ማጋራት ኤስኤስዲ ያለው ኤን100 ትንሽ ኮምፒውተር ይገዛል። ከየዓይነቱ አንድ መለዋወጫ በማኅበሩ እጅ ይቀመጣል። የፕሮግራሞቹ ቅጂ በማኅበሩ ይያዛል። ከፋብሪካው የመጡ የይለፍ ቃላት ሁሉ ይቀየራሉ፤ ዕቃዎቹ በቀጥታ ለኢንተርኔት ክፍት አይሆኑም።»

ወጣቱ አባል፦
እስማማለሁ፤ ግን አንድ መስመር ይጨመር። ሙሉ ግዢው ከመፈጸሙ በፊት ከየዓይነቱ አንድ ተገዝቶ ለአንድ ወር ይሞከር፤ እየሠራ ሳለ ሃያ ጊዜ ከሶኬት ይነቀል፣ በሃያውም ራሱ ይነሣ።

ሒሳብ ያዥ፦
ገባ። ሃያ ጊዜ የሚነቅለው ማነው?

ጡረተኛው፦
እኔ። ጊዜ አለኝ።