አስቸኳይ፦ ሞዴሌ ከዜሮ በታች ያሳያል፣ ናፍጣው ግን እየወረደ ነው

የአቃቂው ተማሪ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ከአንድ ጋራዥ በርሜል ናፍጣ ፈስሶ ትንሹ አቃቂ ውስጥ ገብቷል። ሦስት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ቆስጣና ሰላጣ የሚያጠጡ ገበሬዎች «መቼ ይደርሰናል?» እያሉ ይደውሉልኛል። በወንዝ የሚሄድ ብክለትን በኮምፒውተር የሚያሰላው የመመረቂያ ሞዴሌ የናፍጣውን ክምችት ከዜሮ በታች እያወጣ ነው።

የጀሞ ልጅ፦ የጊዜ እርምጃውን፣ ሞዴሉ በአንድ ስሌት የሚዘልለውን ጊዜ፣ አሳጥር።

መምህር ነኝ፦ ናፍጣ አንድ ነገር አይደለም፣ የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። ቀላሎቹ ይተናሉ፤ ከባዶቹ ከደለል ጋር ተጣብቀው ይቀመጣሉ፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ይቀሰቅሳቸዋል። አንድ ሊትር ውኃ 31 ሚሊግራም ገደማ ናፍታሊን ያሟሟል፤ ከቤንዞፓይሪን ግን የሚሊግራም ጥቂት ሺህኛ ብቻ። ሁሉንም በአንድ የመበስበስ ቁጥር መግለጽ ስሕተት ነው።

ሰፈርተኛው፦ ከዜሮ በታች ከሆነማ ወንዙ የናፍጣ ዕዳ ገብቷል! እኔም የጊዜ እርምጃውን አሳጥር እላለሁ።

ቀመረኛው፦ ቁጥሮቹን ሳትነግረን እንዴት እንርዳህ?

የአቃቂው ተማሪ፦ ይቅርታ። ፍጥነቱ በሴኮንድ 0.4 ሜትር፣ ሞዴሉ ወንዙን የከፈለበት እያንዳንዱ ክፍልፋይ 50 ሜትር፣ እርምጃው 5 ደቂቃ።

ቀመረኛው፦ በአንድ እርምጃ ውኃው 120 ሜትር ይሄዳል፤ ሁለት ክፍልፋይ ዘልሎ ያልፋል። የኩራንት ቁጥርህ፣ ማለትም ውኃው በአንድ እርምጃ የሚያልፋቸው ክፍልፋዮች ብዛት፣ 2.4 ነው፣ ከ1 መብለጥ የለበትም። እርምጃውን 60 ሴኮንድ አድርገው፣ 0.48 ይሆናል። ክምችቱ አሁንም ከዜሮ በታች ከወረደ፣ እያንዳንዱ ክፍልፋይ ከበላዩ ካለው ብቻ እንዲቀበል አድርግ።

ሰላጣ ሻጭዋ፦ ልጄ፣ ሞዴሉ ይቆይ! ናፍጣ ከውኃ ይቀላል፣ ላይ ላዩን ይሄዳል፤ የላዩ ውኃ ደግሞ ከአማካዩ ይፈጥናል። ደረቅ እንጨት ጣልና 20 ሜትር በስንት ሴኮንድ እንደሚሄድ ቁጠር። ሰላጣ ቅጠሉ ጥሬውን የሚበላ ነው። ፓምፑን አሁኑኑ ያጥፉ!

የአቃቂው ተማሪ፦ እናቴ፣ እውነትዎን ነው። ቆጠርኩ፦ 40 ሴኮንድ ፈጀ። ሦስት ኪሎ ሜትሩን በ100 ደቂቃ ይጨርሳል ማለት ነው፤ እኔ ግን በሞዴሉ ፍጥነት ሁለት ሰዓት ብያቸው ነበር። ሁለቱ አጥፍተዋል። ሦስተኛው ስልክ አያነሳም፣ ሞተሩ እየጮኸ መሆን አለበት። በእግሬ እየወረድኩ ነው።

መምህር ነኝ፦ የውኃ ናሙና በመስታወት ጠርሙስ ያዝ፤ ፕላስቲክ ዘይቱን ይመጥጣል።

ሰላጣ ሻጭዋ፦ ደረስክ ልጄ?

ሰላጣ ሻጭዋ፦ አጠፋው?