የዕቁብ ብሬን ላሜራ ልግዛበት ወይስ አክሲዮን?

በያጁ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በርና መስኮት በያጅ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ዕቁብ ወጣልኝ፣ 60 ሺህ ብር። እስከ ዛሬ ዕቁብ በደረሰኝ ቁጥር ላሜራና ቱቦላሬ ገዝቼ ጓሮ እደረድራለሁ። ዋጋው ሲንር ደስ ይላል። ባለፈው ክረምት ግን ሸራው ተቀዶ ኖሮ ስምንቱን ላሜራ ዝገት በላው። አንድ ደንበኛ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገና «ይኼን ለራስህ ሥራበት» ብሎኝ ሄደ።

አሁን ታናሽ እህቴ አክሲዮን ግዛ እያለች ትነዘንዘኛለች። አካውንቲንግ ተማሪ ናት። አንድ ጎረቤቴ ደግሞ ቴሌግራም ላይ «ስቶክ» የሚሠራልን ሰው አለ፣ በሳምንት አሥር በመቶ ይከፍላል ይላል። ግራ ገባኝ። አክሲዮን ስገዛ እጄ የሚገባው ምንድን ነው? ብር ሲቸግረኝስ እንደ ላሜራው አውጥቼ እሸጠዋለሁ? እናቴ ደግሞ ገና ወሬውን ስትሰማ «ወለድ አለበት ወይ?» አለችኝ።

ጡረተኛው (ደሴ)፦
ልጄ፣ የቴሌግራሙን ሰውዬ ዛሬውኑ አግደው። እሱ ከኋላ የመጣውን ሰው ብር ለፊተኛው የሚያድል ነው።

አክሲዮን ሽርክና ነው። ከጓደኛህ ጋር የብየዳ ማሽን በጋራ ብትገዙ ትርፉም ኪሳራውም በየድርሻችሁ አይደል? ያው ነው። ድርጅቱ ካተረፈና ጠቅላላ ጉባኤው ይከፈል ካለ የትርፍ ድርሻ ታገኛለህ። ካላተረፈ ምንም የለም።

ሰው የሚሸወደው ዋጋው ላይ ነው። የ1,000 ብር አክሲዮን በዓመት 200 ብር አስገኘ እንበል። በ1,000 ለገዛው ሃያ በመቶ ነው። ሰው ተሻምቶ 2,000 ካደረሰው በኋላ ከገዛህ ግን ያንተ አሥር በመቶ ነው። ሻጩ የሚያወራልህ ሃያውን ነው። አርባ ዓመት ሒሳብ ሠርቼ እኔም አንድ ጊዜ እዚህ ላይ ተሸውጃለሁ፣ ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

የሐረጎ ሹፌር፦
ወንድሜ፣ «በምሥረታ ላይ» የሚል ካየህ ረጋ በል። እኔ አንድ ሊቋቋም ከነበረ ባንክ 30 ሺህ ብር ገዛሁ። ፒያሳ ፎቅ ላይ ቆንጆ ቢሮ፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት። ከዚያ በ2013 ብሔራዊ ባንክ ለባንክ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳደገው። ሰዎቹ መሙላት አቃታቸው። ዋናው ብር ዝግ ሒሳብ ላይ፣ ማለትም ባንኩ እስኪቋቋም ማንም በማይነካው ሒሳብ ላይ ስለነበር ከስንት ምልልስ በኋላ ተመለሰልኝ። «ለአገልግሎት» ብዬ የከፈልኩት ግን ቀረ።

የቴሌው አክሲዮን በ2017 ሲሸጥ ግን ከስልኬ በቴሌብር ገዛሁ። አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር መሆኑ ነው። ሐረጎ ዳገት ላይ ከባድ መኪና መንገድ ዘግቶ ቆመን ነው የጨረስኩት። መንገዱ ሳይከፈት ባለድርሻ ሆንኩ።

ፎዚ (ደሴ)፦
መሸጡን ልንገርህ። አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ተከፍቷል። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ግን ሄደህ በመስኮት አትገዛም። ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ባለው ደላላ በኩል ነው፤ ፈቃዱን አጣራ። እጅህ የሚገባ ወረቀትም የለም፣ ድርሻህ በኮምፒውተር ነው የሚመዘገበው።

መሸጥ ደግሞ ገዢ ሲኖር ነው። ላሜራ ዛሬ ቢቸግርህ ትንሽ አውርደህ ትሸጠዋለህ። አክሲዮን ባልከው ዋጋ የሚወስድ ካልተገኘ ትጠብቃለህ። ስለዚህ ለልጅ ትምህርት ቤት ወይ ለቤት ኪራይ ያሰብከውን ብር እዚያ አታስገባ።

የእናትህ ጥያቄ ትልቅ ነው፣ አትቀልድበት። ወለድ በሚሠራ ባንክ ድርሻ መያዝን ብዙ ዓሊሞች አይፈቅዱም። እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉ ከወለድ ነጻ ባንኮች አሉ። ሌላው ድርጅት እንደ ሥራው ይለያያል። ሼኽ ጠይቅ፣ እኔን አይደለም።

በያጁ (ኮምቦልቻ)፦
አላህ ይስጥልኝ። ሰውዬውን አግጄዋለሁ። ጎረቤቴ ግን ለካ 15 ሺህ ልኮለት ኖሯል፣ አሁን ስልክ አያነሳም።

40 ሺውን ላሜራ ገዛሁበት፣ በአዲስ ሸራ። 20 ሺው ባንክ ተቀምጧል። እህቴ የአንድ ድርጅት ኦዲት ሪፖርት አውርዳ ማታ ማታ እያነበበችልኝ ነው። ትናንት «ተሰብሳቢ ሒሳብ» የሚለው ላይ ደርሰን ሳቄ መጣ። ይኼማ በር ወስደው ያልከፈሉኝ ሰዎች ናቸው!