ፒያሳ ያየሁትን የአልማዝ ቀለበት ከመግዛቴ በፊት በዓይኔ እንዴት ልለየው?

ሙሽራው በጥር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሠርጋችን ለጥር ተቆርጧል፤ ቀለበቱን ግን ገና አልገዛሁም። ዕቁብ ስለደረሰኝ ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ወርቅ ቤቶቹን ስዞር ቆየሁና ሁለት ቀለበት ላይ ዓይኔ ቀረ። ሁለቱም አንድ ሱቅ ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም ቢጫ ወርቅ፣ አንዳንድ ክብ ፈርጥ ያላቸው። አንደኛው 0.50 ካራት ነው፤ አልማዝ መርምሮ ደረጃ የሚያወጣው የጂ.አይ.ኤ. ተቋም ወረቀት አለው። ሁለተኛው 0.75 ነው ተባልኩ፤ ወረቀት የለውም፤ ዋጋው ግን ከመጀመሪያው ብዙም አይርቅም። ባለሱቁ "ይኼ ይሻልሃል፣ ትልቅ ነው፣ 18 ካራት ነው" አለኝ። 18 ካራት ያለው ድንጋዩን ይሁን ወርቁን አልገባኝም።

መብራቱ ሥር ሁለቱም እኩል ያበራሉ፤ እኔ ልዩነት አላየሁም። እጮኛዬ ለጌጥ የምትጓጓ ሰው አይደለችም። ዕድሜዋን ሙሉ የምታደርገው ግን ይህን አንድ ቀለበት ነውና ተታልዬ እንዳልሰጣት ፈራሁ። መሣሪያ የለኝም። ከመክፈሌ በፊት ምን ምኑን ልይ?

የካዛንቺሷ፦

ወንድሜ፣ ወረቀት የሌለውን ተወው። እህቴ ዓረብ አገር ሠርታ ስትመለስ አልማዝ ነው ተብላ የገዛችውን ቀለበት ለእማዬ አመጣችላት። መጀመሪያ ሲያዩት ዓይን ያፈዝ ነበር። እማዬ ልብስ ስታጥብበት፣ ቡና ስትወቅጥበት በ3 ዓመቱ ፊቱ ተጫጭሮ ደበዘዘ። አንጥረኛ ጋ ወስደን ስናሳየው ዚርኮኒያ የሚባል አልማዝ መሳይ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ነው አለን። እህቴ ያን ቀን ያለቀሰችው ለገንዘቡ አልነበረም።

የፒያሳ አንጥረኛ፦

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ከ1985 ጀምሮ ፒያሳ ወርቅ ስሠራ ኖሬአለሁ፤ ፈርጥ መግጠም ያስተማሩኝ አንድ አረጋዊ አርመናዊ ነበሩ። አንተ የጠየቅኸውን ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ከከፈለ በኋላ ነው። ቀድመህ በመጠየቅህ ደስ ብሎኛልና ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ካራቱን እናጥራ። የወርቅ ካራት ጥራት ነው፤ 18 ሲባል ከ24 እጅ 18ቱ ንጹሕ ወርቅ ነው ማለት ነው፤ ቀለበቱ ውስጥ 750 የሚል ማኅተም ፈልግ። የአልማዝ ካራት ግን ክብደት ነው፤ አንዱ ካራት 0.2 ግራም። እንግዲህ ሰውየው 18 ካራት ሲልህ ስለ ወርቁ ነግሮሃል እንጂ ስለ ድንጋዩ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያ ከመብራቱ ሥር ውጣ። ወርቅ ቤት ጣሪያ ላይ የሚደረደሩት ትንንሽ መብራቶች የሚመረጡት ለዚሁ ነው፤ እዚያ ሥር ጠርሙስም ያበራል። ባለሱቁን በትሕትና ጠይቀውና አብራችሁ ወደ በሩ ውጡ። ፀሐይ ላይ ግን አታድርገው፤ ኃይለኛ ፀሐይ ላይ ጥሩ አልማዝም ጠቆር ብሎ የቀለም ብልጭታ ብቻ ነው የሚያሳይህ። ጥላ ሥር እየው። እንዲያውም የክረምት ደመና ለዚህ ሥራ የተሰጠ ነው፤ አስተማሪዬ ድንጋይ የሚገዙት ሰማዩ ሲከብድ ነበር። በደንብ የተቆረጠ ድንጋይ በዚያ ብርሃንም አይሞትም፤ ቀስ አድርገህ ስታዟዙረው ብሩሁና ጥቁሩ ይፈራረቃል። መሃሉ እንደጠቆረ ከቀረ ሆዱ፣ ማለትም ወደ ታች የሚሾለው ክፍሉ፣ ከመጠን በላይ ጠልቋል። አናቱ ላይ ባለው ሰፊ ገጽ ስታይ ውስጡ ግራጫ ክብ ከታየህ ደግሞ ሆዱ ሳስቶ ወገቡ፣ ማለትም ዙሪያውን ያለው ሰፊው ጠርዝ፣ እየታየህ ነው። ባለሙያ አራት ነገር ይለካል፤ ክብደት፣ ቀለም፣ ጥራትና አቆራረጥ። እኔ አቆራረጡን አስቀድማለሁ፤ ሚስትህ በየቀኑ የምታየው እሱን ነው።

0.75ን በቃል አትቀበል፤ አስለካው። ክብ አልማዝ በአግባቡ ከተቆረጠ 0.50 ካራቱ ወገቡ ላይ 5.1 ሚሊሜትር ገደማ፣ 0.75ቱ 5.8 ገደማ ይሆናል። ካሊፐር የሚባለው የስፋት መለኪያ ማንም ወርቅ ሠሪ ዘንድ አለ። 0.75 ተብሎ 5.3 ወይም 5.4 ከወጣ፣ ወይ ክብደቱ የለም፤ ወይ ከላይ የማይታየው ሆዱ ውስጥ ተቀብሯል።

ቀለሙን በጎኑ፣ ከኋላው ነጭ ወረቀት ይዘህ እይ። ደረጃው ቀለም ከሌለው ዲ ጀምሮ ብጫነቱ እስከሚታየው ዜድ ይወርዳል። አንተ ግን ቢጫ ወርቅ ነው የመረጥኸው፤ ቢጫ ወርቅ ላይ ጄ ወይም ኬ ሲቀመጥ ብጫነቱን እጅ ላይ ለይቶ የሚያይልህ አይኖርም። ለዲ የሚከፈለውን ገንዘብ እዚህ ላይ አታፍስስ።

በመጨረሻ 10 እጥፍ የሚያጎላውን ማጉያ ለምነው። ጉድፍ ብታይ አትደንግጥ፤ ያለማጉያ ካልታየህ ችግር የለውም። እኔን የሚያስፈራኝ ወገቡ ድረስ የሚሄድ ስንጥቅ ነው። በ1998 አንዲት እናት ድንጋዩን የያዘው ጥፍር ላልቷልና አጥብቅልኝ ብለው ቀለበት ሰጡኝ። ጥፍሩን ስጫነው ድንጋዩ ከጠርዙ ተቆረሰ። ስንጥቁ ከድሮም ነበረበት፤ እሳቸው አያውቁም፣ እኔም አስቀድሜ አላየሁም። የሟች ባለቤታቸው ስጦታ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ባለቤቱ እያየ ወገቡን ዙሪያውን ሳልመረምር ማንኛውንም ድንጋይ አልነካም።

ሙሽራው በጥር፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንደዚህ አድርጎ ያስረዳኝ የለም። የረሳሁት ነገር አለ፤ ባለሱቁ 0.75ቱን የሐሰት ብር በሚመረምሩበት ሐምራዊ መብራት ሥር አድርጎ ሰማያዊ ሲያበራ አሳየኝና "ይኸው አልማዝ" አለኝ። ዳይመንድ ቴስተር በሚሉት የአልማዝ መመርመሪያም ነካው፤ ጮኸ። ይኼ ማረጋገጫ አይሆንም?

ጂኦሎጂ አራት ኪሎ፦

ጋሼ ከፈቀዱልኝ ይኼን እኔ ልመልስ፤ የተማርኩት ማዕድን ነው።

በዚያ መብራት ሥር የሚያበራው ከአልማዞች ሲሶው ገደማ ብቻ ነው፤ አብዛኛውም ሰማያዊ። ያላበራው ሐሰተኛ አይባልም፤ ሌሎች ድንጋዮችም ስለሚያበሩ ያበራው እውነተኛ ነው አይባልም።

ቴስተሩ የሚለካው ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልፍ ነው። ዚርኮኒያንና ብርጭቆን ያጋልጣል። ሞይሳናይት የሚባለው ድንጋይ ግን ሙቀት እንደ አልማዝ ስለሚያስተላልፍ ተራው ቴስተር ለሱም ይጮኻል። በትንፋሽ ጉም ማልበስም እንደዚሁ ነው፤ ከሁለቱም ላይ ቶሎ ይጠፋል። ሞይሳናይትን በማጉያ ያዘው። ሰፊውን ገጽ በቀጥታ ሳይሆን ዘንበል አድርገህ ከጎን ወደ ታችኛው ክፍል ስታይ የገጾቹ ጠርዝ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል። አልማዝ ውስጥ መስመሩ አንድ ነው። ብልጭታውም ከአልማዝ ይልቅ በቀስተ ደመና ቀለም የበዛ ነው።

በዓይን ፈጽሞ የማይለየው ላቦራቶሪ ውስጥ የተሠራው አልማዝ ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ አልማዝ መሥራቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ዛሬ ለጌጥ የሚሆነው በብዛት ይመረታል። እሱም እውነተኛ ካርቦን፣ እውነተኛ አልማዝ ነው፤ ቴስተሩ ይጮኻል፣ ማጉያው ላይ መስመሩ አንድ ነው፣ ጋሼ የነገሩህን ሁሉ ያልፋል። ዋጋው ግን ከመሬት ከወጣው እጅግ ያንሳል። ያንን የሚለየው የላቦራቶሪ መሣሪያ ነው። ወረቀቱ የሚያስፈልግህ ለዚህ ነው።

ወረቀቱንም ቢሆን ከድንጋዩ ጋር አገናኘው፤ የሌላ ድንጋይ ወረቀት ሊሆን ይችላል። በጂ.አይ.ኤ. ድረ ገጽ ቁጥሩን አስገብተህ ዝርዝሩን እይ። ብዙዎቹ ወገባቸው ላይ ያው ቁጥር በጨረር ተጽፎባቸዋል። በማጉያ ይነበባል፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሚሊሜትርም ከካሊፐሩ ጋር አስተያየው።

የፒያሳ አንጥረኛ፦

ጎበዝ፣ በደንብ ተናገርህ። በኔ ጊዜ ሞይሳናይት የሚባል ነገር አናውቅም ነበር፤ ኋላ መጥቶ ብዙ ሰው አሳሳተ። አንድ ልጨምር። ወገቡን ስታይ ጥፍሩ ቁጥሩን ሸፍኖት ይሆናል። ያን ጊዜ ባለሱቁ ፈርጡን ነቅሎ እንዲያሳይህ ጠይቅ፤ ለሚያውቅበት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። እምቢ ካለህ ወደ ቤትህ ሂድ።

ሙሽራው በጥር፦

ዛሬ ጠዋት ሄጄ መጣሁ። ሰማዩ ዳምኖ ነበር። ባለሱቁን እንዳላችሁኝ በትሕትና ስጠይቀው አልተቆጣም፤ ሁለቱንም ይዞ በሩ ላይ አብሮኝ ቆመ። መብራት ሥር አንድ የመሰሉኝ ድንጋዮች እዚያ አንድ አልነበሩም። ትልቁ መሃሉ እንደ ጠቆረ ቀረ፤ እጄን ባዟዙረውም አልነቃም። ትንሹ ግን በዚያ ደመና ውስጥ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሌላ ቃል የለኝም። ትልቁ ሲለካ 5.4 ወጣ። ሰውየው ራሱ ካሊፐሩን ሁለቴ አየና "እኔም ከሰው ነው የገዛሁት" አለኝ። ፊቱን ሳየው የዋሸኝ አልመሰለኝም።

የትንሹ ወረቀት ቀለሙን ጄ፣ ጥራቱን ኤስ.አይ. 1 (በማጉያ የሚታይ ትንሽ ጉድፍ ያለው) ይላል። ወገቡ ላይ ያለውን ቁጥር ለማግኘት ሩብ ሰዓት ያህል ፈጅቶብኛል፤ ከአንዱ ጥፍር ሥር የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ተሸፍነው ነበርና አስነቀልኩት። ከወረቀቱ ጋር አንድ ነው። ደረሰኙ ላይ የወረቀቱን ቁጥር፣ ክብደቱንና "ተፈጥሯዊ አልማዝ" የሚለውን ቃል አጽፌ ገዛሁት።

ጋሼ፣ የነቀለውን መልሶ ሲገጥም አንዱ ጥፍር ከሌሎቹ ከፍ ያለ መሰለኝ፤ ሹራብ ላይ ሳሸው ክር ይይዛል። ይዤልዎት ልምጣ?

የፒያሳ አንጥረኛ፦

አምጣው። ከማክሰኞ በቀር ሁሌም አለሁ። እስከዚያ ጣትህ ላይም ሆነ ኪስህ ውስጥ አታድርገው፤ በሳጥኑ ይቀመጥ።